ስዊፍት ኮድ ላይ ግራ ገባኝ፤ ወደ ደሴ በባንክ የላካችሁ እስቲ ንገሩኝ

የደሴዋ | ግንቦት 10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እስካሁን ለእናቴ የምልከው በስልክ አፕ ነበር። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዶላር፤ በደቂቃ ይደርሳል፣ ተመስገን ብዬ እተኛለሁ።

አሁን ግን የእናቴ ቤት ጣሪያ አልቋል። ባለፈው ክረምት ሳሎን ውስጥ ሦስት ባልዲና አንድ ሳፋ ደርድራ ነው ያሳለፈችው። ዝናቡ ሳይጠነክር ቆርቆሮው መቀየር አለበት። የአናጢው፣ የእንጨቱና የቆርቆሮው ተደምሮ 4,000 ዶላር መላክ አለብኝ። አፑ ይህን ያህል ባንዴ አያሳልፍልኝም። እንግዲያው ከባንኬ ወደ ባንኳ በቀጥታ ልላክ፣ ዋየር ላድርግ አልኩ።

ፎርሙን ስከፍተው ሦስት ነገር ያዘኝ። ወንድሜ በቴሌግራም የላከልኝ ስዊፍት ኮድ 8 ፊደል ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ደግሞ ያው ሆኖ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ አለው፤ 11 ይሆናል። የትኛው ነው ትክክሉ? ሁለተኛ፣ አይባን የሚል ሳጥን አለ። ወንድሜን ብጠይቀው «እሱ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ሦስተኛ፣ ኮዱን ስፈልገው «አዲስ አበባ» ይላል። የእናቴ ሂሳብ ደሴ ነው። ብሩ አዲስ አበባ ሄዶ ሊቀመጥ ነው እንዴ?

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 10

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁት ከውጭ ባንኪንግ ክፍል ነው። ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ስመልስ ኖሬያለሁ።

ስዊፍት ኮድ የባንክ ዓለም አቀፍ መለያ ነው፤ እንደ አድራሻ አንብቢው። ሁሉም የሚያውቀውን ንግድ ባንክን ልውሰድ። ሲ ቢ ኢ ቲ፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደሎች ባንኩ ናቸው። ቀጥለው ያሉት 2 አገሩ፤ ኢ ቲ ኢትዮጵያ ናት። የመጨረሻዎቹ 2 ቦታው፤ ኤ ኤ አዲስ አበባ። አለቀ። ከዚያ በኋላ 3 ከተጨመሩ የቅርንጫፍ ናቸው። ሦስት ኤክስ ማለት ደግሞ «ዋና መሥሪያ ቤት» ማለት ነው። ስለዚህ 8ቱም 11ዱም አንድ ቦታ ያደርሱሻል። ፎርሙ 11 ካልሞላሽ አላሳልፍም ካለ ኤክሶቹን ጨምሪ። ዝም ካለ ተያቸው።

ስለ ደሴ አትጨነቂ። የኛ ባንኮች ከውጭ የሚመጣውን መልእክት የሚቀበሉት አዲስ አበባ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያለው ክፍል በሂሳብ ቁጥሩ ደሴ ላይ ያስገባዋል። ኮዱ ብሩን እስከ ግቢው በር ነው የሚያደርሰው። ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የሂሳብ ቁጥርና ስም ነው። መጠንቀቅ ያለብሽ እሱ ላይ ነው።

አይባን ማለት አንዳንድ አገሮች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር ነው፤ ኢትዮጵያ አትጠቀምበትም። ሳጥኑን ባዶ ተይው። አንዳንድ ፎርም «አይባን ወይም የሂሳብ ቁጥር» ይላል፤ እንደዚያ ከሆነ የእናትሽን የሂሳብ ቁጥር እዚያው ጻፊው።

የሪያዱ | ግንቦት 11

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የኛ ሰው ግን መቼም ሁሉንም «ኮድ» ነው የሚለው። እዚህ ሳዑዲ የኔ አይባን 24 ሆሄና ቁጥር ነው፤ በኤስ ኤ ይጀምራል። አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ ሊልክልኝ «ኮድህን ላክ» አለኝ። እኔ ስዊፍት ኮዱን ብቻ ላክሁለት። «ይኼማ የባንኩ ነው፤ ያንተ የታለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነበር። ስዊፍት ኮድ የባንኩ ነው፣ ለሚሊዮን ደንበኛ አንድ ነው። አይባን የራስህ ሂሳብ ነው።

አንድ ደግሞ ልጨምር። በወንድም በቴሌግራም የተላከ ኮድ አይታመንም። ወንድምሽን አምቼ አይደለም፤ ጣት ይስታል እንጂ። ኢ ቲ የሚለው ቦታ ላይ ኢ ኢ ቢጻፍ ኤስቶኒያ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለውን አብዛኛው ሲስተም «የለም» ብሎ ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ትክክል የሆነ የሌላ ባንክ ኮድ ስትጽፊ ነው።

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 11

የሪያዱ ጥሩ አስታወሰኝ። ስዊፍት የሚባለው የባንኮች ማኅበር ራሱ ድረ ገጹ ላይ ኮድ መፈለጊያ አለው፤ በነፃ ነው። የባንኩን ስም አስገቢና አመሳክሪ። ከባንኩ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ማየትም ይቻላል።

ኮዱ ከባንኩ ስም ጋር አልገጥም ቢልሽ ግን አትደንግጪ። የአዋሽን ብታዪ ኤ ደብሊው አይ ኤን ይላል፤ «አዋሽ ኢንተርናሽናል» ይባል ከነበረበት ጊዜ የቀረ ነው። የኅብረት ባንክ ደግሞ ዩ ኤን ቲ ዲ ነው የሚጀምረው። ሰው «ይኼ ኅብረት አይመስልም» ብሎ ይደውልልን ነበር። ባንኩ በእንግሊዝኛ ዩናይትድ ነበር የሚባለው። ስሙ ሲቀየር ኮዱ እንደነበረ ቀረ።

ሚስማር | ግንቦት 11

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ዶላሩን ተቀብሎ ማታውኑ ደሴ ብሩን የሚያስረክብ ሰው ጠፍቶ ነው? ያለ ፎርም፣ ያለ ኮድ።

ዴንቨር ሹፌር | ግንቦት 11

ሚስማር፣ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ድሮ ልዩነቱ ያጓጓ ነበር። ሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲይዘው፣ ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይሰጥ ነበር። ያን ጊዜ ማን ባንክ ይሄዳል? አሁን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ ላይ ብሩን የሚያስገባው ሰው ከየት አምጥቶ እንደሚያስገባው አታውቅም። የአክስቴ ሂሳብ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው 300 ሺህ ብር አስገባና ሂሳቧ ታገደ። «ይህ ሰው ማነው?» ሲሏት ምን ትበል? ለሁለት ወር የራሷን ብር ማውጣት አልቻለችም። ሕገ ወጥ መሆኑን ትቼ ነው እንግዲህ።

ሚስማር | ግንቦት 11

እሺ፣ እሺ። ሐሳብ ነው ያቀረብኩት።

የደሴዋ | ግንቦት 12

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ኮዱን አመሳክሬያለሁ፣ ትክክል ነው። አሁን ፎርሙ ክፍያውን ማን ይችላል ብሎ ሦስት ምርጫ ሰጠኝ፤ አወር፣ ሻ፣ ቤን። በመሃል ያለ ባንክ የሚል ሳጥንም አለ። የመሃሉ ባንክ ደግሞ ማነው? እኔ ከባንኬ ወደ እናቴ ባንክ ነው የምልከው።

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 12

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘብዝብ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ስዊፍት ብር አይሸከምም። መልእክት ብቻ ነው የሚያመላልሰው። ማኅበሩን ያቋቋሙት 239 ባንኮች ናቸው፣ ከ15 አገር፣ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ። ዋና ቤቱ ቤልጂየም ነው፣ ብራስልስ አጠገብ ላ ሁልፕ በምትባል ቦታ። ከዚያ በፊት ዓለም በቴሌክስ ነበር የሚላላከው።

ታዲያ ብሩ እንዴት ይሄዳል? የእናትሽ ባንክ ኒውዮርክ ወይም ሌላ ቦታ ባለ ትልቅ ባንክ ዘንድ የዶላር ሂሳብ አለው። እኛ ኖስትሮ እንለዋለን። ያንቺ ባንክ ዶላሩን እዚያ ሂሳብ ላይ እንዲገባ ያደርጋል። ለእናትሽ ባንክ ደግሞ «ይህ ያህል ገብቶልሃል፣ ለእንትና ክፈል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የእናትሽ ባንክ ያንን አይቶ በብር ይከፍላታል። ስለዚህ ዶላሩ ራሱ ከአሜሪካ ላይወጣ ሁሉ ይችላል። እቁብ ላይ ዳኛው መዝገብ ላይ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው እንደሚጽፈው ነው።

ያ ኒውዮርክ ያለው ነው የመሃሉ ባንክ። እሱም የድካሙን ይቆርጣል። «አወር» ካልሽ የመንገዱን ሁሉ አንቺ ትችያለሽ፤ ተቀባይዋ ሙሉውን ታገኛለች፣ ቢያንስ በደንቡ። «ሻ» ካልሽ ያንቺን ባንክ አንቺ ትከፍያለሽ፣ ከመሃል ያለው የሚቆረጠው ከላክሽው ላይ ነው። «ቤን» ካልሽ ሁሉም ከእናትሽ ድርሻ ይነሳል። የመሃል ባንኩን ሳጥን ባንክሽ ራሱ ብዙ ጊዜ ይሞላዋል። ካልሞላው ወንድምሽ ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ሄዶ «የዶላር ኮረስፖንደንታችሁ ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡታል።

አራት ኪሎ | ግንቦት 12

ይቅርታ ክሩን ላለመጥለፍ ነው፣ አጭር ጥያቄ። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የትምህርት ቤት ክፍያ ልልክ ነው። ትምህርት ቤቱ ስዊፍት ኮድ ሰጠኝ፣ 9 አኃዝ ያለው ራውቲንግ ነምበርም ሰጠኝ። አይባን የለም። ጎደለ?

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 12

አልጎደለም። አሜሪካም አይባን አትጠቀምም። ራውቲንጉ የአገር ውስጥ ቁጥራቸው ነው፤ ሁለቱንም ጻፍ። አንዳንድ ባንክ ለዋየርና ለተራ ክፍያ የተለያየ ራውቲንግ ስላለው «የዋየሩ ነው ወይ?» ብለህ አረጋግጥ። የተማሪ ቁጥርህን የክፍያ ምክንያት ቦታ ላይ አትርሳ። አለዚያ ብሩ ይደርሳል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ዴንቨር ሹፌር | ግንቦት 12

የክፍያ ምክንያት ሲባል ትዝ አለኝ። አባታችን ያረፈ ጊዜ ዋየር ሳደርግ ምክንያቱ ላይ «ለተዝካር» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ከባንኩ ተደወለ። ሴትየዋ በጣም ትሁት ናት። «ተዝካር ማነው? ከእርስዎ ጋር ምን ዝምድና አለው? የትውልድ ቀኑን ያውቃሉ?» ታክሲው ውስጥ ተሳፋሪ አለ፣ እኔ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ጠፍቶኛል። ጠላውን፣ ዳቦውን፣ ድንኳኑን ሁሉ አስረዳኋት። ብሩ ግን አራት ቀን ዘገየ። እህቴ፣ «የቤት እድሳት» ብለሽ በግልጽ እንግሊዝኛ ጻፊ። «ለጣሪያ» ብለሽ በአማርኛ አትጻፊው፣ ጣሪያ ማነው ይሉሻል።

የሪያዱ | ግንቦት 13

ሃሃሃ፣ የትውልድ ቀኑን!

ሚስማር | ግንቦት 13

እኔ የምለው፣ ይህን ኮድና የሂሳብ ቁጥር ለማንም ስንሰጥ አንዘረፍም?

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 13

ስዊፍት ኮድ ሚስጥር አይደለም፤ ባንኩ በር ላይ ቢለጥፈውም ምንም የለበትም። በሂሳብ ቁጥር ብቻም ሰው አይወስድብህም። የሚወስድብህ የሞባይል ባንኪንግ ፒንህና በስልክ የሚመጣልህ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። «ከውጭ ብር መጥቶልዎታል፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» ብሎ የሚደውል ካለ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጋው።

የደሴዋ | ግንቦት 14

ላክሁ። 4,000 ዶላር፣ «ሻ» ብዬ። ባንኬ 45 ዶላር አስከፈለኝ። «ከአንድ እስከ አምስት የሥራ ቀን» ብሎኛል። ጸልዩልኝ።

ዴንቨር ሹፌር | ግንቦት 14

ዓርብ ከሰዓት ነው የላክሽው? ሰኞ እኮ ሜሞሪያል ዴይ ነው። ባንክ ዝግ ነው። ማክሰኞ እናንተ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ባንክ ሲከፈት ደግሞ ደሴ ሊመሽ ነው፤ 7 ሰዓት ይቀድሟችኋል። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ልብሽን አታድክሚ።

የደሴዋ | ግንቦት 21

አልገባም። ሳምንት ሞላው። ወንድሜ በየቀኑ ቅርንጫፉ እየሄደ ነው። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ ላይ አይታየኝም» ትለዋለች። የኔ ባንክ ደግሞ «ከኛ ወጥቷል» ይላል። አናጢው ሌላ ሥራ ሊይዝ ነው። ባልሰርዘው ይሻላል ወይስ ልሰርዘው?

ዴንቨር ሹፌር | ግንቦት 21

በነፃ የሚሰረዘው በ30 ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ ለግለሰብ ላኪ የሚሰጠው ያን ነው። አሁን ብትሰርዢ ተመለሰ አልተመለሰ እያልሽ ሌላ ሳምንት ነው። ይልቅ ስህተት አለ ብለሽ አመልክቺ። ለዚያ 180 ቀን አለሽ፣ እነሱም የማጣራት ግዴታ አለባቸው።

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 21

መሰረዙን አቁሚ። ከባንክሽ የስዊፍት ኮፒ፣ ማለትም የላኩትን መልእክት ቅጂ ጠይቂ። ድሮ ኤም ቲ 103 ነበር የሚባለው። ከኅዳር 2018 ወዲህ ባንኮቹ በአዲስ ቅርጽ ነው የሚላላኩት፣ ግን በድሮው ስም ብትጠሪውም ይገባቸዋል። ኮፒው ላይ ዩ ኢ ቲ አር የሚባል ረጅም ቁጥር አለ፤ ከነሰረዙ 36 ነው። እሱ ክፍያው የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ መከታተያ ነው። ቁጥሩን ለወንድምሽ ላኪለት። መስኮት ላይ ላለችው ልጅ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ ይስጠው። ሥራ አስኪያጁ ዋናው መሥሪያ ቤት ይደውልበታል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የሚታያት ሂሳብ ላይ የገባ ብቻ ነው። በር ላይ የቆመ አይታያትም።

የደሴዋ | ግንቦት 25

ተገኘ! አዲስ አበባ ደርሷል። ከግንቦት 19 ጀምሮ እዚያው ቁጭ ብሏል። «ስምና የሂሳብ ቁጥር አይመሳሰልም» ነው ያሉት። ኮፒውን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። የእናቴ ስም ትክክል ነው። የአያት ስም ብቻ ነው የጎደለው፤ ፎርሙ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፣ የመጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም።

የሪያዱ | ግንቦት 25

የኛ ስምና የፈረንጅ ፎርም መቼ ተስማምተው ያውቃሉ። አጻጻፉንም እዪው። እኔ ፓስፖርቴ ላይ በአይ፣ የባንክ ደብተሬ ላይ በዋይ ነው የተጻፍኩት። ፀሐይ የሚባል ሰው ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው?

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 25

አንዲት ፊደል ቀልድ አይደለችም። በየካቲት 2016 እንደ ፈረንጆቹ ሌቦች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን ስዊፍት መስመር ሰብረው ገብተው ነበር። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ አሻገሩ። ወደ ስሪ ላንካ የላኩትን 20 ሚሊዮን ያስያዘባቸው ግን «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል አሳስተው መጻፋቸው ነው። መሃል ያለው ባንክ ጠረጠረና ጠየቀ። ለሌባው የሠራ ጥንቃቄ ለእናትሽም ይሠራል፣ ምን ይደረግ።

ልጄ፣ እስቲ የጻፍሽውን የመጨረሻ ስም ንገሪኝ። ስሙን ሳይሆን የማን እንደሆነ።

የደሴዋ | ግንቦት 26

ጋሼ፣ አላመንኩም። ቁጭ ብዬ ስቄ ሳበቃ ነው የምጽፍላችሁ።

የጻፍኩት የአባቴን ስም ነው! የኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ ነው፣ እዚህ አገር ስኖር እጄ ለምዶ «የእናት የመጨረሻ ስም» ሲለኝም ያንኑ ጻፍኩ። እዚህ እናትና ልጅ አንድ ላስት ኔም ነው ያላቸው። ባንኩ ያለው ስም የእናቴ፣ የአባቷና የአያቷ ነው። በፎርሙ መሠረት እናቴን የባሏ ልጅ አድርጌያታለሁ።

ሚስማር | ግንቦት 26

አይ አሜሪካ! እናትሽን እህትሽ አደረግሻት በይኛ።

ጡረተኛ ባንከር | ግንቦት 26

እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ አትፈሪ። ባንክሽ የስም ማስተካከያ መልእክት ይላክ። ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያውን ክፍያ ቁጥር፣ የተጻፈውን ስምና ትክክለኛውን ስም ሦስቱንም ጻፊ። ስሙን ከእናትሽ የባንክ ደብተር ላይ ፎቶ አስነስተሽ ፊደል በፊደል ገልብጪ። ሦስተኛውን ስም በመጨረሻው ሳጥን፣ ሁለቱን በመጀመሪያው ሳጥን አስገቢ። ወይዘሮ የሚለውን አትጨምሪ።

የደሴዋ | ግንቦት 27

ተላከ። 30 ዶላር ሌላ። ዛሬ ያላስከፈለኝ የለም።

የደሴዋ | ሰኔ 1

ገባ! መሃል ላይ 20 ዶላር ተቆርጧል፣ 3,980 ነው የደረሰው፤ በዕለቱ ምንዛሬ በብር ተመንዝሯል። ወንድሜ መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲመጣ ቅርንጫፉ ደረጃ ላይ ነበር የቆመው።

ዴንቨር ሹፌር | ሰኔ 1

እልልል! አናጢውስ?

የደሴዋ | ሰኔ 5

አናጢው ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፣ በልመና አንድ ቀን ተሻምቶ መጣ። ቆርቆሮው ትናንት ተመታ፣ ባለ 28 ጌጅ ነው። ማታ ዝናብ ጣለ። እናቴ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረችልኝ፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ጠብታ የለም። ባልዲዎቹን ወደ ጓዳ መልሳቸዋለች።

የስሙን ነገር ወንድሜ ነግሯታል። «የአባትሽ ልጅ ነኝ ብዬ የፈረምኩት መቼ ነው?» እያለች ነው ጎረቤት የምታስቀው።